ቁልፉን ከመሰረዛችን በፊት ባለቤቱን እንጠይቅ

ከጉና ተራራ ተነስቶ በጋይንት፣ በእስቴና በስማዳ በኩል ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ በአጭር ርቀት ውስጥ ውርጭን፣ ደጋን፣ ወይና ደጋንና ቆላን ያያል። የዝናቡም መጠን ከቦታ ቦታ ይለያያል። በመሆኑም በነፋስ መውጫ የተለካ ዝናብ ለወገዳ ገበሬ ምትክ ሊሆን አይችልም። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በምግብ ዋስትና ችግራቸው የሚታወቁ ወረዳዎች እንደመሆናቸው፣ በዚህ አካባቢ አንድ የዝናብ ቁጥር መሳሳቱ ቀላል ነገር አይደለም። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ቁጥር ሳይታወቅ ሊያበላሽ ስለሚችል አንድ የኮምፒዩተር ጉዳይ ይናገራል።

አውቶማቲክ የአየር ጠባይ ጣቢያ የለካውን በዳታ ሎገር ይመዘግባል። ከሎገሩ ወደ ኮምፒዩተር ወይም ወደ ሞደም መረጃው የሚተላለፈው ብዙውን ጊዜ በሲሪያል ፖርት ነው፤ ይኸውም ቢቶች በአንድ መስመር ተራ በተራ የሚያልፉበት በር ነው። አሁን ሁለት ፕሮግራሞች ይህን በር በአንድ ጊዜ ከፈቱ እንበል። የደረሰውን ፊደል ቀድሞ ያነበበው ይወስደዋል፤ ለሁለተኛው ዳግም አይሰጥም። ሎገሩ «12.4 ሚሊ ሜትር» ብሎ ቢልክ አንዱ ፕሮግራም «1»ን፣ ሌላው «2.4»ን ሊያገኝ ይችላል። መልእክቱ የማረጋገጫ ድምር ከሌለው ስሕተቱን የሚናገር የለም። 2.4 ሚሊ ሜትር ዝናብ ለማንም እንግዳ ቁጥር አይደለምና በመዝገቡ ላይ እንደ እውነት ይቀመጣል።

ለዚህ ችግር በዩኒክስ ዓለም የተገኘው መፍትሔ ሎክ ፋይል ወይም የቁልፍ ፋይል ይባላል። ልማዱ የመጣው ኮምፒዩተሮች በስልክ መስመር መልእክት ይለዋወጡበት ከነበረው ዩዩሲፒ ከተባለው ሥርዓት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ፕሮግራሙ በሩን ከመክፈቱ በፊት የመሣሪያውን ስም የያዘ ትንሽ ፋይል በታወቀ ማኅደር ውስጥ ይፈጥራል፤ በፋይሉም የራሱን የፕሮሰስ መለያ ቁጥር በ10 ፊደል ስፋት ይጽፋል። ሥራውን ሲጨርስ ይሰርዘዋል። ሌላው መጥቶ ፋይሉን ካገኘ ተራውን ይጠብቃል።

ልብ ልንለው የሚገባው ይህ ቁልፍ የብረት ቁልፍ አለመሆኑን ነው። ፋይሉን ሳይመለከት በሩን የሚከፍተውን ፕሮግራም የሚያግደው ነገር የለም። ባህላዊ መስኖ ባለበት አገር የውሃ አባት ተራ ሲደለድል በየቦዩ ላይ ዘበኛ አያቆምም፤ ተራው የሚጸናው ሁሉም ስለሚያከብረው ነው። ሎክ ፋይልም እንዲሁ ቃል ኪዳን ነው።

ቃል ኪዳኑ በብዛት የሚፈርሰው በችኮላ ነው። ፕሮግራሙ በድንገት ከሞተ ፋይሉ ሳይሰረዝ ይቀራል። በዚህን ጊዜ «መሣሪያው ተይዟል» የሚል መልእክት ያየ ተማሪ ወዲያውኑ ፋይሉን መሰረዝ ይቀናዋል። አንድ ቀን ግን ባለቤቱ በሕይወት ያለ፣ መረጃ በመቀበል ላይ የሚገኝ ፕሮግራም ይሆናል። ትክክለኛው መንገድ በፋይሉ የተጻፈውን ቁጥር አንብቦ ባለቤቱን መጠየቅ ነው። ለዚያ ፕሮሰስ ዜሮ ቁጥር ሲግናል ሲላክ ምንም ጉዳት አያደርስም፤ መኖሩን ብቻ ያረጋግጣል። «እንዲህ ያለ ፕሮሰስ የለም» የሚል መልስ ከመጣ ቁልፉ ባለቤት አልባ ነው። «ፈቃድ የለህም» የሚል ከሆነ ግን ፕሮሰሱ አለና ፋይሉን መንካት አይገባም።

ፕሮግራም ጸሐፊዎችም ሁለት ነገሮችን ሊጠነቀቁ ይገባል። አንደኛ፣ «ፋይሉ አለን?» ብሎ ማየትና ፋይሉን መፍጠር ሁለት የተለያዩ እርምጃዎች ከሆኑ በመካከላቸው ሌላ ፕሮግራም ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ፋይሉ ቀድሞ ካለ እምቢ በሚል በአንድ ትእዛዝ መፈጠር አለበት። ሁለተኛ፣ አንድ ሰው የክርስትና ስምና የቤት ስም እንዳለው ሁሉ አንድ መሣሪያም ሁለት ስም ሊኖረው ይችላል። አንዱ ፕሮግራም በአንደኛው ስም፣ ሌላው በሁለተኛው ቢቆልፉ ሁለቱም በሩን ያገኛሉ። ከመቆለፍ በፊት ዋናውን ስም ማወቅ ግድ ነው።

«ይህ ያረጀ ዘዴ ነው፤ ዛሬ የሲስተሙ ከርነል ራሱ ይቆልፋል» የሚሉ አሉ። አባባላቸው እውነትነት አለው፤ የከርነል ቁልፍ ባለቤቱ ሲሞት አብሮ ይለቀቃል። ሆኖም ከነዚህ ቁልፎች አንዳንዶቹ ራሳቸው በስምምነት የሚሠሩ ናቸው። መሣሪያውን ለብቻ የሚይዘው ትእዛዝም ቀድሞ በሩን ከፍቶ የገባውን አያስወጣም፤ ሙሉ ሥልጣን ያለውንም ተጠቃሚ አይከለክልም። ሲሪያል ፖርትም ቢሆን አልሞተም፤ ተማሪዎቻችን በዩኤስቢ የሚያገናኟቸው የአርዱዊኖ ሰሌዳዎች ለሊኑክስ የሚታዩት እንደ ሲሪያል መሣሪያ ነው። ስለዚህ በእኔ እምነት ሁለቱን አብሮ መጠቀም ይበጃል።

ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ መካከል ነገ የጣቢያዎችን ፕሮግራም የሚጽፉ ይኖራሉ። መምህራንም የመሣሪያ ንባብን ሲያስተምሩ በሩን መክፈትን ብቻ ሳይሆን ተራ መጠበቅንም ቢያስተምሩ መልካም ነው። ባለቤቱን ለመጠየቅ የሚወስደው ጊዜ ከአንድ ሴኮንድ ያነሰ ነው፤ የጠፋውን የአንድ ቀን ዝናብ ግን ተመልሶ የሚለካው የለም።