ወንድ የሌላት ሐረግ

«ሚኔሶታ ያለችው ልጄ ጓሮዋ ውስጥ ኪዊ ተክላለች። ፍሬው እንደ ወይን ፍሬ ትንሽ ነው፣ ከነልጣጩ ይበላል ትለኛለች። በበረዶ አገር ኪዊ ይበቅላል ወይ?» ብለው የጠየቁኝ እናት አሉ።

አዎ፣ ይበቅላል። ሱቅ የምናየው ባለ ፀጉሩ ኪዊ እንዲህ ያለውን ብርድ አይችልም። ይኼኛው ግን ዘመዱ ነው፤ አገሩም ሰሜን ቻይና፣ ኮሪያ፣ ጃፓንና የሩሲያ ምሥራቅ ጫፍ። ቅጠሉን አራግፎ ከተኛ ከዜሮ በታች እስከ 30 ዲግሪ ገደማ ይችላል። የሚጎዳው ሲነቃ ነው። ቡቃያው ከወጣ በኋላ ድንገት ውርጭ ከመጣ ለጋው ቀንበጥ በአንድ ሌሊት ይጠቁራል፤ የዚያን ዓመት ፍሬ ይዞ ይሄዳል። ውርጭ የሚያሰጋ ማታ አሮጌ አንሶላ ያልብሱት።

ልጅዎ የተከለችው አንድ ሐረግ ብቻ እንደሆነ ይጠይቋት። የዚህ ተክል ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ናቸው። ወንዱ አያፈራም፤ እሱ ከሌለ ደግሞ ሴቷ አበባ ብቻ ሆና ትቀራለች። አንድ ወንድ ለስድስት ሴት ይበቃል (ይህን ለባሎቻችሁ አታንብቡላቸው)። «ኢሳይ» የሚባለው ዝርያ ብቻውንም ያፈራል፤ ስሙ «እሰይ» መምሰሉ ደስ ይለኛል። አብዛኛው ግን ለፍሬ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያስጠብቃል። ሐረጉም ከባድ ስለሆነ ጠንካራ መደገፊያ ይፈልጋል፣ በየዓመቱም መገረዝ አለበት።

አሁን ወደ ሙያዬ። ፍሬው ክብና የሚያዳልጥ ነው፣ ልጅ ደግሞ ከሐረጉ ቀጥፎ ወደ አፉ ነው። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሙሉውን አይስጡ፤ በቁመቱ አራት ቦታ ይሰንጥቁት። ጉሮሮ ላይ የተሰነቀረ ነገር ሐኪም ቤት እስኪደረስ አይጠብቅም። ኪዊ የማይስማማቸው ልጆችም አሉ፤ በተለይ የላቴክስ ጓንት ወይም ፊኛ የሚያሳክከው ልጅ ካለ ይጠንቀቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቂት ቀምሶ ከንፈሩ ካበጠ ወይም ሰውነቱ ሽፍ ካለ ዳግም አይቅመስ፤ ትንፋሽ ካጠረው ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ችግኙን ላምጣልሽ ካለችዎት ግን ይቅርብዎ። ይህ ተክል አርፎ ለመንቃት ረጅም ብርድ ይሻል፤ የአዲስ አበባው ብርድ እኛን ቢያንቀጠቅጠንም ለእሱ አይበቃም። ለአጥርዎ ሐምራዊውን ፓሽን ፍሩት ይትከሉ። ከዘር በዓመት ወይም በዓመት ተኩል ያፈራል፣ ወንድም አይፈልግም።