የወፍራም ድምፅ ልክ

«ልክ» የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ፍች አለው። አንደኛው መጠን ማለት ነው፤ ሁለተኛው ትክክል ማለት ነው። ቋንቋውን የሚማር ሰው እነዚህን ሁለት ፍችዎች ለየብቻ ያጠናቸዋል፤ እኛ ግን አንድ ላይ የተማርናቸው በባዕድ አገር ነው። ያስተማሩንም የቋንቋ መምህር ሳይሆኑ፥ ከበታቻችን ባለው ፎቅ የሚኖሩ በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሥራ ምክንያት ናይሮቢ በቆየንበት ጊዜ የተከራየነው ቤት ፓርክላንድስ በሚባለው ሰፈር ነበረ። ይህ ሰፈር ጎዳናዎቹ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ በቍጥር የሚጠሩበት፥ የሕንድ ተወላጆች ከብዙ ዘመን ጀምሮ የሚኖሩበት፥ ሰፊ ግቢ የነበራቸው የቀድሞ ቪላዎችም እያደር በረዣዥም ፎቆች የተተኩበት ነው። በቪላው ዘመን በጎረቤትና በጎረቤት መካከል ዛፍና አጥር ነበረ፤ በፎቁ ዘመን ግን ያለው አንድ ንጣፍ ሲሚንቶ ብቻ ነው።

በዚያ ቤት ሳለን ለልጆቻችን ደስታ ብለን «ሆም ቴአትር» የሚባለውን መሣሪያ ገዛን። ይኸውም አምስት ትንንሽ ድምፅ ማጉያዎችና «ሰብዉፈር» የሚሉት አንድ ትልቅ ሣጥን ያሉት ነው። የሣጥኑ ሥራ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ፥ ማለት ነጎድጓዱን፥ ከበሮውንና የሞተሩን ጕርምርምታ ማሰማት ነው። እኛም ሕፃናቱ ከተኙ በኋላ መሣሪያውን በቀስታ ከፍተን ስናዳምጥ የሣጥኑ ድምፅ ያነሰ መሰለን፤ ስለዚህ ደረታችን እስኪሰማው ድረስ መክፈቻውን ወደ ቀኝ አዞርነው። በቅዳሜ ማታ ደግሞ ነጎድጓድ የበዛበት ፊልም አግኝተን የሁሉንም ድምፅ ከፍ አደረግን። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በራችን ተንኳኳ።

በሩን ስንከፍት ጎረቤታችን ቆመዋል። አልተቈጡም። «ልጄ» አሉን፥ «እናንተ የምትሰሙት ፊልም ይሁን ዘፈን እኔ አላውቅም። ቃሉም ዜማውም ወደ እኔ አይደርስም። የሚደርሰኝ የጣሪያው መንቀጥቀጥ ብቻ ነው፤ በቁም ሣጥን ያሉት ብርጭቆዎችም ይንጫጫሉ። ባለቤቴ ትናንት ከሆስፒታል ወጥተው ነበር፤ እንቅልፍ አጡ።» እኛም አፍረን ይቅርታ ጠየቅን፤ መሣሪያውንም ወዲያው ዘጋን።

ይሁን እንጂ የሰው ልብ ለራሱ ጠበቃ ነውና፥ በማግሥቱ በስልካችን ላይ ባለው የድምፅ መለኪያ ያንኑ ትርኢት ለካነው። በእኛው ሳሎን ውስጥ 52 ዴሲቤል አሳየን። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የድምፅና የከፍተኛ ንዝረት ደንብ በመኖሪያ ሰፈር ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ይፈቅድ የነበረው 35 ዴሲቤል ነበረ። እኛም «በሳሎናችን 52 ከሆነ፥ ሲሚንቶውን አልፎ ወደ ታች የሚወርደው ከ35 በታች መሆን አለበት፤ እንግዲህ ጥፋታችን ምንድን ነው?» ብለን ራሳችንን ነጻ ለማውጣት ተቃርበን ነበር።

ከዚህ ስሕተት ያዳነን በድምፅ ቀረጻ ሥራ የሚተዳደር አንድ ወዳጃችን ነው። መለኪያውን ይዞ መጣና ሁለት ዐይነት አለካክ እንዳለ አስረዳን። አንደኛው «ኤ»፥ ሁለተኛው «ሲ» ይባላል። የ«ኤ» አለካክ ለዝቅተኛ ድምፅ የጆሮን ጠባይ የሚከተል ስለ ሆነ፥ ወፍራሙን ድምፅ አሳንሶ ይቈጥራል፤ በሴኮንድ 40 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ከእውነተኛው ኀይሉ 35 ዴሲቤል ያህል ይቀንስለታል። የ«ሲ» አለካክ ግን ከዚያው ድምፅ የሚቀንሰው 2 ዴሲቤል ብቻ ነው። የስልካችን መለኪያ በ«ኤ» 52 ያለውን ትርኢት የወዳጃችን መለኪያ በ«ሲ» 78 አለው። የጎረቤታችንን ብርጭቆ ያንጫጫው ይህ እኛ ያልቈጠርነው ልዩነት ነበረ።

ለመሆኑ የእኛ ጆሮ ለምን አሳሳተን? ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፥ የሰው ጆሮ ድምፅ ዝቅ ባለ ጊዜ ለወፍራሙ ክፍል ይደነዝዛል፤ ድምፁ ከፍ ሲል ግን መስማቱን መልሶ ያገኛል። ስለዚህ ሰብዉፈሩን በቀስታ እየሰማ በጆሮው የሚያስተካክል ሰው ሁልጊዜ አብዝቶ ይከፍተዋል።

ግድግዳስ ለምን አላገደውም? የድምፅ ማዕበል ርዝመት እንደ ድምፁ ውፍረት ይለያያልና ነው። በሴኮንድ 4,000 ጊዜ የሚርገበገበው ቀጭን ድምፅ ማዕበሉ 9 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ መጋረጃና ምንጣፍ ያስቀረዋል። በሴኮንድ 40 ጊዜ የሚርገበገበው ግን ማዕበሉ ከ8 ሜትር ተኩል ይበልጣል፤ ምንጣፉን ከምንም አይቈጥረውም፥ ወለሉንም ይዞ ያናውጠዋል። ጎረቤታችን ቃሉንና ዜማውን ሳይሰሙ መንቀጥቀጡን ብቻ የሰሙት በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ይህ መሣሪያ በቤታቸው ያለ አንባብያን በሚከተለው አኳኋን ቢያስተካክሉት ይጠቀማሉ። አስቀድሞ ሣጥኑን ከክፍሉ ማዕዘን ማራቅ ይገባል፤ ማዕዘን ወፍራሙን ድምፅ ያበዛዋልና። የሚቀመጡበትም ወንበር በክፍሉ መካከል ባይሆን መልካም ነው፤ በዚያ ስፍራ አንዳንዱ ወፍራም ድምፅ ይጠፋል፤ ሰውም የጠፋውን ለማግኘት ሲል መክፈቻውን ያዞራል። ከሣጥኑ እግር በታች ወፍራም ላስቲክ ማድረግ ወደ ወለሉ የሚወርደውን ንዝረት በመጠኑ ይቀንሳል።

ቀጥሎ በሣጥኑ ጀርባ ያለውን መክፈቻ ከእኩሌታው ላይ አቁሞ፥ የቀረውን ማስተካከል በአምፕሊፋየሩ መፈጸም ነው። ወፍራሙ ድምፅ ወደ ሣጥኑ የሚሄድበት ወሰን ለብዙዎቹ ቤቶች 80 ኸርዝ ቢሆን ይስማማል። ከዚህ በኋላ አምፕሊፋየሩ በውስጡ ያለውን እንደ ዝናብ የሚንሿሿ መፈተኛ ድምፅ ከእያንዳንዱ ማጉያ በተራ ያሰማል። መለኪያውን በ«ሲ» እና በዝግታ ንባብ ላይ አድርጎ፥ በሚቀመጡበት ወንበር፥ በጆሮ ከፍታ መያዝ ያሻል። ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ቍጥር 75 ዴሲቤል ነው፤ ነገር ግን ከቍጥሩ ይልቅ የሚበልጠው የሁሉም እኩል መሆን ነው። በሰብዉፈሩ ተራ የመለኪያው ንባብ ስለሚዋዥቅ መካከለኛውን መውሰድ ይገባል።

እኛ በዚህ መንገድ ብንለካ፥ ሰብዉፈሩ ከሌሎቹ 10 ዴሲቤል በልጦ ተገኘ። 10 ዴሲቤል ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን ሣጥኑ ከሚገባው ኀይል 10 እጥፍ ያወጣ ነበር ማለት ነው። ወደ ልኩ ስንመልሰው፥ በመጀመሪያው ቀን የሰብዉፈሩ ድምፅ የጠፋ መስሎን ቅር አለን። በሦስተኛው ቀን ግን የተዋንያኑ ንግግር እንደ ጠራ፥ ነጎድጓዱም ከሣጥኑ ሳይሆን ከሰማዩ የመጣ እንደ መሰለ አስተዋልን። በደንብ የተስተካከለ ሰብዉፈር «እኔ እዚህ ነኝ» አይልም።

ይህም ሁሉ ሆኖ ሥራው አላለቀም ነበር፤ በእኛ ወንበር ላይ ልክ የሆነው በጎረቤት አልጋ ላይ ልክ መሆኑን ማንም አላረጋገጠምና። ስለዚህ አስፈቅደን በአንድ ምሽት፥ የበኵር ልጃችንን በመሣሪያው ዘንድ ትተን፥ ወደ ታች ወረድን። ጎረቤታችን ሻይ አቀረቡልን። ከጣሪያው በኩል ትንሽ ጕምጕምታ ስለ ተሰማ፥ ለልጃችን ደውለን ለሌሊት የተሠራውን ማብረጃ እንዲያበራና ሰብዉፈሩን ሌላ 4 ዴሲቤል እንዲቀንስ ነገርነው። የቁም ሣጥኑ ብርጭቆዎች ጸጥ አሉ።

ባለቤታቸው በመስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ለብሰው ተቀምጠው ነበር። ጥቂት ቆይተው «ፊልሙ መቼ ይጀመራል?» ሲሉ ጠየቁን። «ከተጀመረ ሩብ ሰዓት ሆኖታል» አልናቸው። ፈገግ ብለው በስዋሂሊ ቋንቋ «ሳዋ» አሉ። ይህም ቃል እንደ እኛው «ልክ» ሁለት ፍች ያለው ነው፤ እኩል ማለትም ነው፥ ትክክል ማለትም ነው። ከዚያ ምሽት ጀምሮ የሌሊቱን ልክ በትንሽ ወረቀት ጽፈን በአምፕሊፋየሩ ላይ ለጥፈነዋል፤ ልጆቻችንም ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ወረቀቱን ሳያዩ መሣሪያውን አይከፍቱም።