ሳይቃጠል በቅጠል



ስለ ቤት አያያዝ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ማጀት፣ ስለ ልብስና ስለ ልጆች ነው። በግቢ ወይም በመንገድ ዳር ቆሞ ስለሚያድረው መኪና ግን እምብዛም አይነገርም፤ የወንድ ጉዳይ ነው ተብሎ ይታለፋል። ይሁን እንጂ ዛሬ በቂርቆስና በካዛንቺስ ጎዳናዎች ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ ወደ ሥራዋ የምትነዳ እናት ብርቅ አይደለችም። በስልክ የሚጠራ ታክሲ እየነዳች ቤተሰቧን የምታስተዳድር ሴትም አለች። ለሠራተኛ ቤተሰብ መኪና ከዕቁብ፣ ከቁጠባና ከብድር ተጠራቅሞ የሚገዛ ትልቅ ንብረት ነው። በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም፣ ሊብሬው በአንደኛው ተጋቢ ስም ቢሆን እንኳ፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር ንብረቱን የጋራ አድርጎ ይቆጥረዋል። ንብረቱ የጋራ ከሆነ ጥበቃውም የጋራ ሊሆን ይገባል።

ስለሆነም በዛሬው ጽሑፋችን ስለ መኪና ቀለም አያያዝ፣ በተለይም ካርናውባ ስለሚባለው ጠንካራ ሰም አቀባብ እናወጋችኋለን።

በቅድሚያ የሚጠበቀው ነገር ምን እንደሆነ እንወቅ። በአሁን ዘመን መኪናዎች ላይ ከቀለሙ በላይ እንደ ቫርኒሽ ያለ፣ ቀለም የሌለው ሥሥ ሽፋን አለ። ውፍረቱ ከአንድ ፀጉር አይበልጥም። ይህ ሽፋን እስካለ ድረስ ቀለሙ ይኖራል፤ ሽፋኑ ተልጦ ከተነሣ ግን መድኃኒቱ ባትላሜራ ቤት ገብቶ እንደገና መቀባት ብቻ ነው። የዚህን ዋጋ የከፈለ ያውቀዋል።

ከተማችን ለዚህ ሽፋን የምትመች አይደለችም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የፀሐይዋ ጨረር ከቆላው ይልቅ ይበረታል። ክረምቱ ረጅም ነው። በዚህ ላይ የግንባታ አቧራ አለ፤ በ2017 ዓ.ም የካዛንቺስ ነባር ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ የነበረውን አቧራ የሠፈሩ ሰው አይረሳውም። የሲሚንቶ ብናኝ ውኃ ሲነካው ቀለም ላይ ይጋገራል። የወፍ ኩስም በፀሐይ ከደረቀ ቀለሙን ይበላል።

ካርናውባ የሚገኘው በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል አንድ የዘንባባ ዓይነት ነው። ዛፉ በበጋ ውኃው እንዳይተንበት ቅጠሉን በሰም ይሸፍናል። ሰዎች ቅጠሉን ቆርጠው በፀሐይ ያደርቁታል፤ ከዚያም ዱቄቱን አራግፈው ያቀልጡታል። የጧፍ ሰም የንብ ሰም መሆኑንና ፀሐይ ሲያገኘው እንደሚለሰልስ እናቶች ታውቃላችሁ። የንብ ሰም በ62 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲቀልጥ ካርናውባ ግን ከ80 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ አይቀልጥም። ስለዚህ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ጣሪያ ላይም ይጸናል። ንጹሕ ካርናውባ እጅግ ጠንካራ በመሆኑ ብቻውን በእጅ ሊቀባ አይችልም፤ ከሌላ ሰም፣ ከዘይትና ከማሟሟያ ጋር ይደባለቃል። ስለሆነም በጣሳው ላይ «መቶ በመቶ ካርናውባ» ተብሎ ቢጻፍም በውስጡ ያለው ሁሉ ካርናውባ ነው ማለት አይደለም። የጽሑፉ ትልቅነት ዋጋውን ብቻ እንዳያስወድድባችሁ ተጠንቀቁ።

አቀባቡ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ጠዋት በማለዳ ወይም ወደ ማታ፣ መኪናው ቀዝቅዞ በጥላ ሥር ሳለ ይሥሩ። በፀሐይ የጋለ ብረት ላይ የተቀባ ሰም ቶሎ ደርቆ ይጣበቃል፤ ሲወለወልም ያስቸግራል።

ሁለተኛ፣ በሚገባ ይጠቡ። አቧራን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ቀለሙን በአሸዋ እንደመፈግፈግ ነው። መጀመሪያ ውኃ አፍስሰው አቧራውን ያውርዱ፤ ከዚያም ለመኪና በተዘጋጀ ሳሙና ከጣሪያው ጀምረው ወደ ታች ይጠቡ። አንዱ ባልዲ ለሳሙናው፣ ሌላው ጨርቁን ለማለቅለቂያ ይሁን። የልብስ ዱቄት ሳሙና ከዚህ በፊት የተቀባውን ሰም ስለሚያነሣ አይጠቀሙበት። ታጥቦ ሲያበቃ በንጹሕ ፎጣ ያድርቁት።

ሦስተኛ፣ እጅዎን በሥሥ ፌስታል ውስጥ አድርገው ኮፈኑን ይዳብሱ። እንደ ጥሬ የሚሻክር ነገር ካለ ቆሻሻው ገና አልለቀቀም፤ ሰሙ ከላይ ቢቀባ ቆሻሻውን አትሞ ያስቀረዋል። ስለዚህ እንደገና አርጥበው በሳሙና ያልስልሱት እንጂ በጥፍር አይፋቁት።

አራተኛ፣ እርጥብ ስፖንጅ ጣሳው ላይ አንድ ሁለቴ አዙረው ጥቂት ሰም ያንሡና እጅግ አሳስተው ይቀቡ። ምጣድ በጎመን ዘር ሲታሰስ ጥቂቱ እንደሚበቃ ሁሉ እዚህም ጥቂቱ ይበቃል። የበዛው ሰም ጥበቃ አይጨምርም፤ ድካም ብቻ ነው። መኪናውን በአንድ ጊዜ ሁሉንም አይቀቡት። ኮፈኑን ቀብተውና ወልውለው ከጨረሱ በኋላ ወደ ፓራፋንጎው፣ ከዚያም ወደ በሩ ይለፉ። ጥቁር ፕላስቲክና ጎማ ላይ ነጭ ምልክት ስለሚተው እነዚህን አይንኩ።

አምስተኛ፣ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይጠብቁ፤ በጣሳው ላይ የተጻፈ ሌላ መመሪያ ካለ እሱን ይከተሉ። ሰሙ እንደ ጭጋግ ሲመስል በጣት ይሞክሩት፤ ጣት ያለፈበት ጠርቶ ከታየ ደርሷል። ከዚያም በለስላሳ ጨርቅ ይወልውሉ። የታጠበ አሮጌ ነጠላ ለዚህ ሥራ ይሆናል፤ ጥለቱ ግን ሊቧጭር ስለሚችል አስቀድሞ ተቆርጦ ይውጣ። ጨርቁ መሬት ላይ ከወደቀ አሸዋ ይይዛልና ሌላ ይቀይሩ።

የሰሙን ዕድሜ ውኃ ይነግራችኋል። መኪናው ላይ የወደቀ ውኃ እየተንጠባጠበ እንደ ዶቃ ክብ ክብ ከሆነ ሰሙ አለ፤ ተንጣሎ ከቀረ አልቋል። ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ወር ይቆያል። አቅምና ጊዜ ለሌለው ቤተሰብ ቢያንስ በሰኔ መግቢያና ክረምቱ ሲያበቃ በመስከረም መጨረሻ ቢቀባ ብዙ ጥቅም አለው።

ሰሙ የማይሠራውንም ማወቅ ይገባል። ውኃና ቆሻሻ እንዳይጣበቅ ይረዳል እንጂ ፀሐይን ፈጽሞ አይከለክልም፤ የጥላ ምትክ አይሆንም። ሽፋኑ የተላጠ መኪና በሰም አይድንም፤ «አዲስ ያደርገዋል» የሚልዎትን ሻጭ አይመኑ። ሌላው ሰዎች የሚያሳስቱት ፖሊሽን ከሰም ጋር ነው። ሰም ከላይ ይሸፍናል፤ ፖሊሽ ግን ፈግፍጎ ያነሣል። ያ ሥሥ ሽፋን በየወሩ በፖሊሽ ከተፈገፈገ መኪናው ለጥቂት ጊዜ ያብለጨልጫል፤ ዕድሜው ግን ያጥራል። ላቫጆ የሚያሳጥቡ ከሆነ ልጆቹ የሚቀቡት የትኛውን እንደሆነ ይጠይቁ፤ ንጹሕ ጨርቅም ከቤት ይዘው ቢሄዱ ይመረጣል። ከሌላ መኪና ጭቃ የጠረገ ጨርቅ የእርስዎን ይቧጭራል። በጨርቅና በጊዜ ተጠንቅቆ ለሠራ ልጅም ተገቢውን ዋጋ መክፈል አይዘንጋ።

በሰሙ ውስጥ ያለው ማሟሟያ በቀላሉ በእሳት ይያያዛል፤ ሽታውም ይከብዳል። ስለዚህ ከከሰል ምድጃ አጠገብ አይክፈቱት፤ ክዳኑን አጥብቀው ሕፃናት ከማይደርሱበት ያስቀምጡ። የሰም ጣሳ ቅባት ወይም ከረሜላ ሊመስላቸው ይችላል።

በመጨረሻም ይህን የምንጽፈው በእናት ትከሻ ላይ ሌላ ሥራ ለመጨመር አይደለም። ስድስት ቀን ሠርታ፣ ማታ ወጥ ሠርታ፣ እሑድ ደግሞ መኪና አጥባ የምትወለውል ሴት ከወሰደችው ልምድ ይልቅ ድካሟ ይበልጣል። ኮፈኑን ባል፣ በሮቹን ሚስት፣ ጎማውን ልጆች ቢይዙት ሥራው ከአንድ ጠዋት አያልፍም። ሴቶች ልጆችም ከወንድሞቻቸው እኩል ስፖንጁን ይያዙ፤ ነገ የሚነዱት መኪና የሚጠበቅበትን መንገድ ዛሬ ከቤታቸው ይማሩት። ወላጆች ጠዋቱን ስትመድቡ ሥራውንም አብራችሁ አከፋፍሉ።