በሪራ ስላፈርንበት አርማ

ከሮቤ ተነሥተን ጎባን አልፈን፣ የሰነቴን አምባ ተሻግረን ወደ ሪራ የወረድንበትን ጉዞ አብራችሁን የነበራችሁ ሁሉ አትረሱትም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ፣ ተማሪው ስለ ሐረና ደን ለማወቅ ያለው ጉጉት መጨመሩ ደስ የሚያሰኝ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ጉዞ ያፈርንበትን ነገር በዝምታ ማለፍ ተገቢ ሆኖ አላገኘነውም።

የአውቶቡሱን ኪራይና ስንቃችንን የቻለልን አንድ ኩባንያ ነበር። በምላሹም የጠየቀን አርማው በባነራችን ላይ እንዲታይለት ብቻ ነው። ባነሩ በመንደሩ ሲዘረጋ ግን አርማው ደብዝዞና ተቆራርጦ የፈረሰ ካብ መስሎ ታየ። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው አይተው «ዝናብ መታው እንዴ?» አሉን። የኩባንያው ተጠሪ ፎቶግራፉን ሲያዩ በትሕትና አመሰገኑ፤ ለዘንድሮው ደብዳቤያችን ግን እስካሁን መልስ አልሰጡም። መልሱ ካልመጣ ዘንድሮ ወደ ሪራ የሚሄደው የራሱን ኪራይ መክፈል የሚችል ተማሪ ብቻ ይሆናል።

ብዙ ጓደኞቻችን ጥፋቱን በማተሚያ ቤቱ ላይ ይጥላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ለማተሚያ ቤቱ የሰጠነው አርማ ወርዱ 240 ፒክስል ነበር። ይህ በባነሩ ላይ 1 ሜትር ከ20 ሲለጠጥ እያንዳንዱ ነጥብ 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በኢንች 100 ነጥብ ብቻ እንዲኖረው ብንፈልግ እንኳ ወደ 4,700 ፒክስል ያስፈልገን ነበር። ከየት ይምጣ? በዚያ ላይ አርማውን በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ያሳለፍነው በፋይልነት ሳይሆን በፎቶነት ስለ ነበረ፣ መንገድ ላይም ተጨምቋል።

መድኃኒቱ ቬክተር የሚባለው አሣሣል ነው። በዚህ ዓይነት ፋይል ውስጥ የተቀመጠው ነጥብ ሳይሆን የመስመሩ ስሌት ስለ ሆነ፣ በካርድ ላይም ሆነ በሕንጻ ግድግዳ ላይ ጠርዙ አይሸራረፍም። ስሌቱን በሰፊው ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሬኖ መኪና ፋብሪካ መሐንዲስ የነበሩት ፒየር ቤዚዬ ናቸው፤ የመኪና ገላ ለመንደፍ የተሠራ ሒሳብ ለእኛ ባነር መድረሱ የሚገርም ነው። እንግዲህ ከኩባንያው የሕዝብ ግንኙነት ክፍል መለመን ያለብን የኤስቪጂ፣ የኢፒኤስ ወይም የፒዲኤፍ ፋይል ነው። መልስ ከዘገየ ኩባንያው ያወጣውን የዓመት ሪፖርት ፒዲኤፍ ከፍቶ አርማውን ስምንት እጥፍ ማጉላት ነው። ጠርዙ ጥርት ብሎ ከቆየ ቬክተር ስለ ሆነ፣ በነጻ በሚገኘው ኢንክስኬፕ ነጥሎ ማውጣት ይቻላል። ከደበዘዘ ግን ፒዲኤፍ መባሉ ምንም አይጠቅምም፤ ፎቶን በፒዲኤፍ መጠቅለል ቬክተር አያደርገውምና።

የግዕዝ ፊደል ያለበት አርማ ሌላ ጣጣ አለው። ማተሚያ ቤቱ ያ ፎንት ከሌለው ፊደሉ ተለውጦ ወይም ባዶ ሣጥን ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ፊደሉ አስቀድሞ ወደ መስመር ተለውጦ መላክ አለበት።

«ምን ይህን ያህል ያስለምናል፣ እኛው አስመስለን እንሥለው» የሚሉም አልጠፉም። ኩባንያው ሳይፈቅድ ይህን ማድረግ ነውር ነው እንላለን። የንግድ ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የተጠበቀ የሰው ንብረት ነው። ደግሞም ቀለሙና ልኩ ጥቂት ሲዛነፍ፣ ባለቤቱ ከደበዘዘው ይልቅ በዚህ ይቀየማል።

ሌላውን ስንወቅስ የራሳችንን ጓዳ መመልከት አልቀረም። የማኅበራችን አርማ ዋናው ፋይል የት እንዳለ ብንጠይቅ የሚያውቅ ጠፋ። በጽሕፈት ቤቱ የተገኘው ከአሮጌ ደብዳቤ ላይ በስልክ የተነሣ የማኅተም ፎቶግራፍ ነው፤ ግማሹም በፊርማ ተሸፍኗል። አርማውን የሣለው ተማሪ ተመርቆ ከሄደ ቆይቷል። አድራሻውን የምታውቁ፣ ወይም ፋይሉ በኮምፒዩተራችሁ የተረፈ መምህራንና ተማሪዎች ካላችሁ፣ የሚቀጥለው ባነር ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ለማኅበሩ ጸሐፊ እንድታደርሱልን እንለምናለን። በቴሌግራም ከሆነ እባካችሁ በፋይልነት ይሁን።