25 እና 30 ሲደመሩ

ፕሮግራሚንግ ለጀማሪ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሳምንት በትርጓሜ ያልቃል። ቫሪያብል ምንድን ነው፣ ፈንክሽን ምንድን ነው እየተባለ ደብተር ይሞላል፤ ኮምፒውተሩ አይነካም። ይህ አካሄድ ጀማሪን ያባርራል ባይ ነኝ።

ጀማሪው በመጀመሪያው ቀን አንድ የሚሠራ የዌብ ገጽ ይሥራ፦ ሁለት ሣጥንና አንድ ቁልፍ። በአንዱ ሣጥን የሻይ፣ በሌላው የፓስቲ ዋጋ ይገባል፤ ቁልፉ ሲጫን ድምሩ ይወጣል። ተማሪው 25 እና 30 አስገብቶ ቢጫነው ግን ገጹ 2530 ይለዋል። እዚህ ላይ መምህሩ መልሱን ለመንገር አይቸኩል። ይልቅ መደመሩን ወደ ማባዛት እንዲለውጠው ይንገረው፤ አሁን 750 ይወጣል፣ ትክክል ነው! ታዲያ መደመሩ ምን ነካው? ገጹ የሚሠራበት የፕሮግራሚንግ ቋንቋ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ከሣጥን የሚያነበውን እንደ ጽሑፍ ነው የሚይዘው፤ በሁለት ጽሑፎች መካከል የመደመር ምልክት ሲያገኝ ይቀጥላቸዋል እንጂ አይደምራቸውም። ማባዛት ሲሆን ግን ራሱ ወደ ቁጥር ይለውጣቸዋል። ይህን እየሞከረ የደረሰበት ተማሪ የዳታ ዓይነት ምን ማለት እንደሆነ አይረሳም።

ብሬንዳን አይክ የቋንቋውን የመጀመሪያ ረቂቅ በ1995 እ.ኤ.አ. ኔትስኬፕ ኩባንያ ውስጥ ያወጣው በ10 ቀን ገደማ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለው ጠባዩ ይለወጥ ቢባል የቆዩ ገጾች ይበላሻሉ፤ ስለዚህ ጀማሪው ከነጠባዩ ይልመደው።

ለዚህ ሁሉ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ኖትፓድና ብሮውዘር ካሉ ፋይሉ እዚያው ይከፈታል። ኔትወርክ ጠፋ ብለው ተማሪ የሚያሰናብቱ ማሠልጠኛዎች ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። እንደ ሪአክት ያሉ የጃቫስክሪፕት መሣሪያዎችም ቆይተው ይደርሳሉ።

ገጹ ደግሞ በአማርኛ ይሁን። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጃቫስክሪፕትም «ዋጋ» ወይም «ድምር» የሚል የቫሪያብል ስም ያለ ችግር ይቀበላል። እንግሊዝኛው ያልጠናለት ልጅ ሎጂኩን አስቀድሞ ይያዝ፤ የጃቫስክሪፕት ቃላት በሥራ ይለመዳሉ።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ዌብ ፕሮግራሚንግንም ያካትታል። ሠርተፍኬቱን የያዛችሁ ወጣቶች፣ ለሰፈራችሁ ባለሱቅ አንድ የሂሳብ ገጽ ሠርታችሁ ስጡት። አሠልጣኞችም ከወረቀት ፈተና በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ራሱ የሠራውን ገጽ ከፍቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።