«መድኃኒት ከሌለው መነሳቱ ምን ይጠቅማል?»



ዛሬ የማወራችሁ ስታርጋርት ስለሚባል ብዙ ስለማይታወቅ የዓይን በሽታ ነው። ብዙ ጊዜ በልጅነት ወይም በጉርምስና ዕድሜ ይጀምራል። በዘር የሚመጣ ሲሆን፣ ከዓይን ጀርባ ያለውን የሬቲናን መሃል፣ ማለትም ማኩላን ይጎዳል። የምናነበውም፣ የሰው ፊት የምንለየውም በማኩላ ነው።

ልጁ «ሰሌዳው አይታየኝም» ይላል። መነጽር ይገዛለታል፣ ለውጥ የለም። መነጽሩ ይቀየራል፣ አሁንም ለውጥ የለም። በሽታው ሲጀምር ሐኪም ዓይኑን በመሣሪያ ቢያየውም ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ያኔ «ማጥናት ስላልፈለገ ነው» ይባላል፤ አንዳንዱም ይገረፋል። ልጁ ግን እውነቱን ነው።

እውነቱን የሚያሳየው የሬቲና ምስል ነው። ሁለት ዓይነት ምርመራዎች አሉ፦

- ኦሲቲ፦ የሬቲናን ንብርብሮች በብርሃን አንስቶ የሳሳውን ቦታ ያሳያል።
- ኦቶፍሎረሰንስ፦ በበሽታው ምክንያት የሚጠራቀመው ሊፖፈሲን የተባለ ቆሻሻ ደምቆ፣ የሞተው ቦታ ደግሞ ጠቁሮ ይታያል።

ሁለቱም መርፌ የላቸውም፣ አያሙም። የዓይን ጠብታ ከተደረገ እይታ ለጥቂት ሰዓታት ይደበዝዛል፣ ከዚያ ይመለሳል።

«ታዲያ የሚያድን መድኃኒት ከሌለው ምን ይጠቅማል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። እውነት ነው፣ እስካሁን በሽታውን የሚያድን መድኃኒት የለም። በእኔ እምነት ግን ምርመራው በጣም ይጠቅማል፦

1. ልጁ ከስድብና ከዱላ ይድናል። ፊት ወንበር፣ ትልቅ ፊደል፣ ማጉያ መነጽር ያገኛል።
2. ለማይሠራ መነጽር የሚወጣው ገንዘብ ይቆማል።
3. ጉዳት ከሚያደርስ ነገር ይጠበቃል። ሊፖፈሲን የሚፈጠረው ከቫይታሚን ኤ ተረፈ ምርት ስለሆነ፣ ስታርጋርት ያለበት ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ «ለዓይን ጥሩ ነው» እየተባለ የቫይታሚን ኤ ክኒን መውሰድ የለበትም። ከኃይለኛ ፀሐይም ኮፍያና የፀሐይ መነጽር ይጠብቁታል።
4. ቤተሰቡ ይረዳል። አብዛኛውን ጊዜ አባትም እናትም ጤነኛ ሆነው የተበላሸውን ዘረመል ይሸከማሉ፤ እያንዳንዱ ልጅ የመታመም ዕድሉ 25 በመቶ ነው። የማንም ጥፋት አይደለም።

አደራ! ይህን አንብባችሁ ለሕፃናት በዘመቻ የሚሰጠውን ቫይታሚን ኤ እንዳታስቀሩ። ማስጠንቀቂያው በሽታው ለተገኘባቸው ነው፤ ለሌሎች ሕፃናት ቫይታሚን ኤ ዓይንንም ሕይወትንም ያድናል።

በደንብ የማያዩ ልጆች አብዛኞቹ የሚያስፈልጋቸው መነጽር ብቻ ነው፤ አትደንግጡ። መነጽር ተደርጎ ካልተሻለው ግን «የሬቲና ሐኪም ይየው» ብላችሁ ሪፈር ጠይቁ። መሣሪያው በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ መንገዱ ሊያደክም፣ ወጪውም ሊከብድ ይችላል። ቢሆንም ልጁ ዓመታትን እንደ ሰነፍ ተቆጥሮ ከሚያሳልፍ ያ ድካም ይሻላል።

ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ። ለመምህራንም አጋሯቸው።

መልካም ጤና!