አይፈለጌ ኢሜይልን ከደጃፍ መመለስ ለትንንሽ ድርጅቶች ለምን ይበጃል?

ከውጭ ገዥዎች ጋር በኢሜይል የሚዋዋል አንድ አነስተኛ የምሥራቅ አፍሪካ ቡና ላኪ ድርጅት ሁለት ስጋቶች አሉበት። ሐሰተኛ የክፍያ መጠየቂያ ማጣሪያውን ካለፈ ገንዘቡን ያጣል፤ እውነተኛ ትእዛዝ በማጣሪያው ከተያዘ ደግሞ ደንበኛውን ያጣል።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) በአውሮፓውያኑ 2023 ብቻ በንግድ ኢሜይል ማጭበርበር ከ2.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ ሪፖርት ተደርጎለታል።

የራሳቸውን የኢሜይል ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ድርጅቶች ስፓምአሳሲን እና አርስፓምዲ የተባሉትን ማጣሪያዎች በነጻ ማግኘት ይችላሉ። ሆኖም የእያንዳንዱን መልእክት ይዘት መመርመር የአነስተኛ ሰርቨርን አቅም ይፈታተናል። ስለሆነም ቀላሉ ፍተሻ ሊቀድም ይገባል። ላኪው ሰርቨር በአይፈለጌ መልእክት ምንጭነት ተመዝግቧል ወይ? በጠቀሰው ዶሜይን ስም ለመላክስ ተፈቅዶለታል? ወደ ይዘት ምርመራ የሚገባው ይህን ያለፈው ብቻ ነው።

ውሳኔው የሚሰጥበት ጊዜም ወሳኝ ነው። አጭበርባሪዎች የላኪውን አድራሻ ስለሚያስመስሉ፣ መልእክቱን ከተቀበሉ በኋላ መመለስ ምንም የማያውቁ ሰዎችን ያጥለቀልቃል፤ የድርጅቱን ሰርቨርም ሊያስወነጅል ይችላል። በዝምታ መሰረዝ ደግሞ ደንበኛው ምላሽ እየጠበቀ እንዲቀር ያደርጋል። የሰርቨሮቹ ግንኙነት ሳይቋረጥ መልእክቱን አለመቀበል ግን፣ በስሕተት የታገደ ትክክለኛ ላኪ መልእክቱ እንዳልደረሰ እንዲያውቅ ዕድል ይሰጠዋል።

ቋንቋም ሌላው ፈተና ነው። ከተጠቃሚው መልእክቶች የሚማር ማጣሪያ በእንግሊዝኛ ናሙናዎች ብቻ ከሠለጠነ በአማርኛ ወይም በስዋሂሊ የተጻፈውን በአግባቡ መለየት ይቸግረዋል። ሠራተኞች ትክክለኛውንና አይፈለጌውን እየለዩ እንዲያስተምሩት ማድረግ ያስፈልጋል።

ድርጅቱ የሚልከውም በሌሎች ዘንድ ይጣራል። ጉግል እና ያሁ ከየካቲት 2024 (እአአ) ጀምሮ የላኪዎችን ማንነት ማረጋገጫ አጥብቀዋል። ማረጋገጫውን ያላሟላ ድርጅት የዋጋ ማቅረቢያው ከገዥው ሳይደርስ ሊቀር ይችላል።

ይሁንና ከተጠለፈ እውነተኛ አድራሻ የሚላክ ማጭበርበሪያ እነዚህን ፍተሻዎች ሁሉ ሊያልፍ ይችላል። የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተቀይሯል የሚል መልእክት ሲደርስ ቀድሞ በሚታወቅ ስልክ ደውሎ ማረጋገጥ አሁንም የሰው ኃላፊነት ነው።